የባትሪ ማቋረጫው ባትሪውን ቆረጠ፤ ሞተሩን ግን ማን ያጥፋው?

መነሻ ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት መድረክ ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው የጀመረው ከጥያቄ ሳይሆን ከፍርድ ነው። ለውድድር መኪና ሁለት ወፍራም እግር (የገመድ ማሰሪያ) ብቻ ያለው ተራ ማቋረጫ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ማጥፊያ፣ ይበቃል፤ እሱም በባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ ይታሰር፤ ባለ 6 እግሩ ከነሬዚስተሩ (ከረንት ከሚገታው ዕቃ ጋር) ትርፍ ሽቦና ትርፍ ጣጣ ነው ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ባትሪው ከተለየ ኤሌክትሪክ የለም፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ ብልጭታ የለም፣ ብልጭታ ከሌለ እሳት የለም። ያሰበውን መኪናም ዘርዝሯል። ሞተሩ በኮምፒውተር የሚመራ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ዲናሞው 70 አምፔር፣ ባትሪው ከኋላ የተቀመጠ፣ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የሚሄደው ገመድ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። የሚቃወም ካለ በቁጥር ይምጣ ብሎ ዘጋ። በቁጥር መጡለት።

መልስ 1

ሰላምታ አስቀድሞ ሐሳቡ ግማሹ ልክ ነው አለ። ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ መኪና ላይ ባለ 2 እግሩ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ግን መኪናው ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ምንጭ አለ። ዲናሞው አንዴ ከተነሳ መግነጢሱን የሚመግበው ራሱ ነው፤ ባትሪው ቢነጠልበትም ብልጭታ የሚሰጠውን ቦቢና፣ የነዳጅ ፓምፑንና ኮምፒውተሩን መቀለቡን ይቀጥላል። ስለዚህ ማቋረጫው ተጠምዝዞ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲሄድ ቢታይ አይገርምም። ከግጭት በኋላ በጣም የሚያስፈራው ደግሞ ከተቀደደ ቱቦ ነዳጅ እየገፋ የሚቀጥል ፓምፕ ነው።

መልስ 2

በሁለት አረፍተ ነገር ደንቡን አስገባ። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን አባሪ ጄ፣ አንቀጽ 253፣ ዋናው ማቋረጫ ባትሪውን፣ አልተርኔተሩን ወይም ዲናሞውን፣ መብራቱን፣ ጥሩምባውን፣ ኢግኒሽኑን (የማቀጣጠያውን መስመር) ሁሉ እንዲቆርጥና ሞተሩንም እንዲያጠፋ ይጠይቃል፤ ብልጭታ የማያወጣ ዓይነት መሆንና ከውስጥም ከውጭም መደረስ አለበት። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

መልስ 3

ደንቡ አልተርኔተርና ዲናሞን ለይቶ መጥራቱን ያየ አንድ አራሚ፣ ሁላችሁም ዲናሞ የምትሉት አልተርኔተር ነው ብሎ ገባ። እውነቱን ነው። ዲናሞ የጥንቱ ሲሆን ቀጥተኛ ከረንት በብሩሽና በኮሙቴተር ያወጣል፤ አልተርኔተር ተለዋዋጭ ያመነጭና ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ ያቀናዋል። ግን ጋራዥ ውስጥ ሁለቱም ዲናሞ ይባላሉ፤ ከእሱ በኋላ የጻፉትም ያንኑ ስም ይዘው ቀጠሉ። እዚህም እንደዚያው ነው።

መልስ 4

ባለ 6 እግሩን ከሥሩ የዘረገፈው ይህ ነው። ሁለቱ ወፍራም እግሮች ፖዘቲቩን ይቀበላሉ። በአንደኛው ላይ ከባትሪ የመጣው ገመድ ብቻ ይታሰራል። በሌላው ላይ ወደ ሞተሪኖ፣ ወደ ፊውዝ ሳጥንና ወደ ዲናሞ የሚሄዱት ሁሉ። አራቱ ቀጫጭን እግሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው። ደብልዩ የተጻፈባቸው ሁለቱ ማቋረጫው ሲበራ ይገናኛሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ። ዜድ የተጻፈባቸው ግልባጩ ናቸው፤ ሲጠፋ ነው የሚገናኙት።

ካርቡሬተር ባለው አሮጌ ሞተር ላይ ከቁልፍ ወደ ቦቢና የሚሄደው ሽቦ ይቆረጥና ሁለቱ ጫፎች በደብልዩ እግሮች ላይ ይሰካሉ። በኮምፒውተር በሚመራ ሞተር ግን የቦቢናዎቹን ሙሉ ከረንት በቀጭን እግር ማሳለፍ ስህተት ነው፤ በዚያ የሚያልፈው የዋናው ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ማንቂያ ሽቦ ይሁን፣ ከረንቱ ሩብ አምፔር አይሞላም። የቁልፉን ምልክት ብቻ መቁረጥም አይበቃም፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ቁልፉ ከጠፋ በኋላ ሪሌውን ለጥቂት ሰከንድ ራሳቸው ይዘውት ይቆያሉ። ስለዚህ ቆረጣው ሪሌው ራሱ ጋ ይሁን።

ለዜድ ደግሞ፣ አንዱ ከዲናሞው ጋር ካለው ወፍራም እግር ጋር ይያያዛል፣ ሌላው በ3 ኦም፣ 11 ዋት ሬዚስተር በኩል ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት አካል፣ ይወርዳል። ማቋረጫው ሲጠፋ ዲናሞው ላይ የቀረው ኃይል በዚያ ይፈሳል።

መልስ 5

4ኛውን አመስግና አንድ ነገር አስምሩበት አለች፦ የዜዱ ሽቦ በስህተት ከባትሪው በኩል ካለው ወፍራም እግር ጋር ከታሰረ፣ መኪናው ጠፍቶ በቆመ ቁጥር ባትሪው በሬዚስተሩ በኩል ወደ ግራውንድ ይፈሳል። 12.6 ቮልት ለ3 ኦም ሲካፈል 4.2 አምፔር ነው፤ ይህም 11 ዋት ብቻ ለሚችል ዕቃ 53 ዋት። ሬዚስተሩ ይግላል፣ የተጠጋውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የባሰው ሬዚስተሩ ደካማ ነበር ብሎ በባለ 100 ዋት የሚቀይረው ነው፤ ያ አይቃጠልም፣ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን በ10 ሰዓት ውስጥ ባዶ ያደርጋል። ምርመራው ቀላል ነው። ማቋረጫውን አጥፉ፣ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ቮልት ለኩ፣ ከ0 ሌላ ከሆነ ሽቦው ተገልብጧል።

መልስ 6

እዚህ ላይ ክሩ ከበደ። መላሹ ሬዚስተሩን እንደ ጠባቂ መልአክ አትዩት አለ። ዲናሞው ወደ ባትሪው ብዙ ከረንት እየላከ ሳለ ባትሪው በድንገት ሲነጠል፣ የዲናሞው መግነጢስ በቅጽበት ስለማይሞት ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል። አይሶ 16750-2 የተባለው የሙከራ ደረጃ ለ12 ቮልት መኪና ይህን ዝላይ ከ79 እስከ 101 ቮልት፣ ቆይታውን ከ40 እስከ 400 ሚሊሰከንድ አድርጎ ይወስደዋል። ኮምፒውተር፣ ዳታ መመዝገቢያና የዲናሞው ዳዮዶች የሚሞቱት በዚህ ነው። ሬዚስተሩ ሊሸከመው ይችላል? በቁጥር፦ 40 አምፔር መሄጃ አጥቶ በ3 ኦም ብቻ ይፍሰስ ቢባል 120 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ዝላዩን የሚገድበው ዲናሞው ውስጥ የተሠሩት ቮልት ቆራጭ ዳዮዶችና በዚያች ቅጽበት አሁንም የተያያዙት መብራትና ፋን ናቸው፤ ሬዚስተሩ የሚያግዘው ሞተሩ እየሞተ ሳለ የቀረውን ማፍሰስ ላይ ነው። አሮጌ ዲናሞ ያለው ሰው ሬዚስተር አስሬያለሁ ብሎ አይተኛ።

በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የበለጠው መልስ ይህ ነው፤ ግን ማንም ወዲያው አልመለሰለትም።

መልስ 7

ሌላ መንገድ አመጣ። የዲናሞው ወፍራም ገመድ ከማቋረጫው የባትሪ ወገን ላይ ይታሰር፤ ቮልት መለኪያ ሽቦውና የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሽቦ በሚቆረጠው ወገን ይቅሩ። ማቋረጫው ሲጠፋ ዲናሞው ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፣ ዝላዩን ባትሪው ይውጠዋል፤ ኮምፒውተሩና ፓምፑ ግን ከሁለቱም ምንጭ ተለይተው ሞተሩ ይጠፋል። ባትሪውና ማቋረጫው ከኋላ በሆኑ የድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚሽቀዳደሙ) መኪኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሬዚስተርም ዜድም አይጠይቅም።

መልስ 8

ትህትናው ያለቀው እዚህ ጋ ነው። 8ኛው፣ 7ኛው የመከረው መኪናውን በሙሉ የሚያቋርጥና ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የተሸከመ የ4 ሜትር ገመድ መዘርጋት ነው አለ። ከፊት ግጭት ሲደርስ መጀመሪያ ከሚጨፈለቁት አንዱ ዲናሞው ነው፤ ያ ገመድ ከብረት ጋር ሲነካካ ከጀርባው ያለው ሙሉ ባትሪ ነው፣ ማቋረጫውን ማጥፋትም አያድነውም። አልተርኔተሩም ይቆረጥ የሚለውን ደንብ በግልጽ ይጥሳል። ይህን የሚያደርግ ቢያንስ ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ጋት ሳይርቅ፣ ለዲናሞው የሚመጥን ፊውዝ ያስገባ፤ 7ኛው ያንን እንኳ ሳይጠቅስ አለፈው ብሎ ነቀፈ።

መልስ 9

የክሩ ባለቤት ተመለሰ። እንግዲህ ኔጌቲቩን ቁረጡ ያልኩት ለዚህ ነው ይላል፦ ፖዘቲቭ ገመድ ቦዲውን ቢነካ እንኳ ኔጌቲቩ ከተቆረጠ ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ የለውም። ፖዘቲቭ ላይ ያለ ማቋረጫ ግን ከራሱ እስከ ባትሪው ያለውን ገመድ ምንም አያደርገውም። ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ አንድ ምንጭ ብቻ ቢኖር ኖሮ።

መልስ 10

ያንኑ ቀዳዳ ያዘው። ዲናሞው በቡሎን ሞተሩ ላይ፣ ሞተሩ በግራውንድ ገመድ ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ ኔጌቲቩ ቢቆረጥም የዲናሞው ዙር ሙሉ ነው። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ የተሳበ ሌላ ቀጭን ሽቦ ካለ፣ ለካሜራም ይሁን ለሬዲዮ፣ የመኪናው ከረንት በሙሉ በዚያ ሽቦ ለመመለስ ይሞክራል፤ ሽቦው እንደ ፊውዝ ይቀልጣል። ደንቦቹም አንድ አይደሉም፤ የአሜሪካው ኤስሲሲኤ ከሁለቱ የባትሪ ገመዶች በአንዱ ላይ ይፈቅዳል፣ የድራግ ውድድሩ ኤንኤችአርኤ ግን ፖዘቲቭ ብቻ ይላል። ኔጌቲቭ ወንጀል አይደለም፤ ሞተሩን የሚያጠፋ ሁለተኛ ቆረጣ ካልተጨመረበት ግን ጎዶሎ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 11

ሁላችሁም ገመዱን ረስታችሁታል ብሎ ጀመረ። 16 ካሬ ሚሊሜትር ለ4 ሜትር ቀጭን ነው። የመዳብ ተቃውሞ በሜትር 0.0175 ኦም ሲካፈል ለስፋቱ ነው፤ ሞተሪኖው 200 አምፔር ቢስብ በ16 ካሬ ላይ 0.88 ቮልት ይጠፋል፣ በ35 ካሬ 0.4፣ በ50 ካሬ 0.28። ይህ የፖዘቲቩ ብቻ ነው፤ የግራውንዱ መመለሻ ይጨመርበታል። ከ35 አይነስ፣ 50 ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ስለ አሠራር። ካፒኮርዳው (የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባው ባለ ቀዳዳ ብረት) በባለ 6 ጎን መጭመቂያ ይጨመቅ፤ በመዶሻ አይቀጥቀጥ፣ በስታኞም (በሚቀልጥ መበየጃ ብረት) አይበየድ። ስታኞ በገመዱ ክሮች መካከል ሽቅብ ይሳባል፣ ገመዱን እዚያ ጋ ያደርቀዋል፣ ንዝረት ልክ በዚያ ነጥብ ይሰብረዋል። ካፒኮርዳው በቀጥታ በመዳቡ እግር ላይ ይረፍ፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ከዚያ ዳዶው። ሮንዴላውን ከሥር የሚያስገባ ሰው 200 አምፔር በቀጭን ብረት እያሳለፈ ነው፤ እዚያ ጋ 0.5 ቮልት ቢጠፋ 100 ዋት ሙቀት ነው፣ የማቋረጫው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይላላል፣ ሲላላ ይብስ ይግላል። ሲጠብቅም በሁለት ቁልፍ፤ አንዱ የሥሩን ዳዶ ይያዝ፤ አለበለዚያ እግሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ይዞራል። ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት፣ እግሮቹ ላይ የጎማ ቆብ። ከኋላ የተዛወረ ባትሪ ራሱ በሁለት የብረት ማቀፊያ፣ ከ10 ሚሊሜትር በማያንስ ቡሎን፣ ከወለሉ ሥር 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 20 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ደጋፊ ሳህን ይታሰር፤ ይህ የፌዴሬሽኑ ቁጥር ነው።

መልስ 12

ቀዩን የፕላስቲክ ቁልፍ ያለውን ርካሽ ማቋረጫ በሦስት መስመር ቀበረው። ቁልፉ በንዝረት ይወድቃል፣ ስፕሪንጉ ይደክማል፣ ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ጊዜ ከተቆረጠበት የመዳቡ ገጽ ይቃጠላል። ኤንኤችአርኤ ፕላስቲክም ቁልፍ የሚወጣለትም አይቀበልም።

መልስ 13

ወደ ቦታው አዞረው። ሹፌሩ ቀበቶው ጠብቆ እንደተቀመጠ የውስጡን እጀታ ካልደረሰበት ማቋረጫው የለም ማለት ነው፤ ልኬቱ ቀበቶ ሳይታሰር አይወሰድ። የውጭው መሳቢያ በተዘጋ መኪና ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር ነው፤ ምልክቱም ነጭ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀይ የመብረቅ ምልክት፣ የመሠረቱ ርዝመት ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር። መሳቢያው የሚሠራው እንደ ፍሪሲዮን ባለ ካቦ ነው፤ ካቦው በጠባብ ከታጠፈ በእጅ የሚሳበው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል፣ ውሃ ከገባበት ይዝጋል። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ከውጭ አንድ ጊዜ ይሳብ፤ ብዙ ካቦ የሚያዘው ለወራት ሳይነካ ስለሚቆይ ነው። የእሳት ማጥፊያው የውጭ ማስነሻ ከዚሁ ጋር ይጣመራል፣ በቀይ ፊደል ኢ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቀይ ጠርዝ ነጭ ክብ ይታወቃል። ማጥፊያው በኤሌክትሪክ የሚነሳ ከሆነ የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ ዋናው ማቋረጫ አብሮ ካጠፋው እሳቱ አሸነፈ።

መልስ 14

በሁሉም የተዘነጋ ነገር አስታወሰች፦ የኋላ መንገድ የሚያገኝ ከረንት። ሁሉም ነገር በትክክል ተቆርጦ ሞተሩ ግን አሥር ሰከንድ ሲንተፋተፍ ከቆየ፣ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው የራዲያተሩ ፋን፤ ከረንቱ ሲቆረጥ በንፋስና በራሱ ግፊት እየዞረ ጀነሬተር ይሆናል፣ ያመነጨው በሪሌው በኩል ወደ ኢግኒሽኑ መስመር ይመለሳል። መድኃኒቱ የፋኑ ሪሌ ማንቂያ ከኢግኒሽኑ መስመር ተለይቶ እንዲመገብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የዲናሞው ማስጠንቀቂያ መብራት ሽቦ፤ ዲናሞው በእሷ በኩል ወደ ቦቢናው ይልካል። እዚያ መስመር ላይ ወደ ዲናሞው ብቻ የሚያሳልፍ ባለ 1 አምፔር ዳዮድ ማስገባት ይበቃል። ገልብጦ ያስገባው ሰው መብራቱ እንደማይበራና ዲናሞው እንደማይነሳ ያያል፤ ዕቃውን ከመርገሙ በፊት ያዙረው ትላለች።

መልስ 15

ኤሌክትሮኒክ ማቋረጫ ለምን አልተነሳም አለ። መዳብ ለመዳብ የሚነካካበት የለውም፤ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ናቸው የሚቆርጡት። አዝራሩ በቀጭን ሽቦ ስለሚሠራ ወፍራሙ ገመድ ወደ ሹፌሩ መሄዱ ይቀራል። ጥሩዎቹ መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ዲናሞው ሲሞት ነው ባትሪውን የሚለቁት፤ የ6ኛው ዝላይ የሚፈጠርበት ዕድል አያገኝም። ሲመረጥ ግን የሚጠየቅ አለ፤ የአዝራሩ ሽቦ በግጭት ቢበጠስ ዕቃው ይጠፋል ወይስ በርቶ ይቀራል?

መልስ 16

ክሩ ከመንገድ የወጣው እዚህ ነው። አንዱ ስለ ሊቲየም ባትሪ ጀመረ፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱን በጠበቀ ጊዜ ማንም ማቋረጫ ሳይነካ ዲናሞውን ያለ ባትሪ እንደሚተወው፣ ማለትም ያው ዝላይ እንደሚመጣ ተናገረ። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ወደ ከፍተኛ ቮልት ብርቱካናማ ገመድ፣ የተማሪዎቹ ውድድር ፎርሙላ ስቱደንት ለከፍተኛና ለዝቅተኛ ቮልት ሁለት የተለያዩ ማቋረጫዎች እንደሚያስገድድ ድረስ ተጓዘ። ሁሉም እውነት ነው፣ ለ1.6ቱ ቤንዚን ግን አይጠቅምም።

መልስ 17

ክርክሩን በሙከራ ዝጉት አለ፤ ምክሩ ይህ ነው። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ያልሞላ ባትሪ ብዙ ከረንት ስለሚጠጣ ዝላዩ የሚብሰው ያኔ ነው። መብራቱና ፋኑ ይብሩ። መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር፣ ይጠፋ። እዚህ መጥፋቱ ምንም አያረጋግጥም፤ በሚኒሞ ዲናሞው ደካማ ስለሆነ ሽቦው የተሳሳተ መኪናም ይጠፋል። ከዚያ በ3000 ዙር። እዚያም ወዲያው ከጠፋ ሥራው ልክ ነው፤ ዙሩ እየተንገዳገደ ከወረደ ወደ 14ኛው ይመለሱ። ጠፍቶ ሳለ በመኪናው በኩል ካለው ወፍራም እግር ወደ ግራውንድ ይለካ፣ 0 ቮልት። በርቶ ሞተሪኖው ሲዞር በሁለቱ ወፍራም እግሮች መካከል ይለካ፣ ከ0.1 ቮልት ብዙ አይራቅ። ከሙከራና ከአደጋ ውጪ ግን ሞተሩ ሁልጊዜ በቁልፉ ይጥፋ፣ ማቋረጫው በኋላ ይከተል።

መልስ 18

የክሩ ባለቤት በመጨረሻ ባለ 6 እግሩን ተቀበለ፤ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ገመዱንም ወደ 35 ካሬ ከፍ እንደሚያደርግ ብቻ ጻፈ። ኔጌቲቩ ላይ ሁለተኛ ማቋረጫ መጨመር ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀ፤ 10ኛው አንድ መስመር መለሰለት፦ አይጎዳም፣ ግን የሚነካው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ብቻ ይሁን። 8ኛው ተከትሎ ሬዚስተሩን ከፕላስቲኩ አርቀው ብረት ላይ እሰሩት አለ።